አዲስ ቸርኬ የታሰረላት መኪና ለምን ትንቀጠቀጣለች?



ስለ መኪና ጎማ በጋዜጣ መጻፍ የማይመጥን ተራ ነገር መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና ትከሻ ላይ ወደ ነፋስ መውጫ የሚጓዝ ወይም ቁልቁለቱን ወደ ወረታ የሚወርድ የመንግሥት ሠራተኛ ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለ4 ጎማዎችና እነርሱን ለያዙት ጥቂት ብሎኖች ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ተራ ነው ለማለት አይቻልም። ስለዚህ የሚከተለው አስተያየቴ በአንባብያን ደብዳቤዎች ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከፋብሪካ የመጣውን ቸርኬ አውልቆ ከገበያ የተገዛ የሚያብረቀርቅ ሰፊ ቸርኬ ከነአዲስ ጎማው ማሰር በግል መኪናም በመሥሪያ ቤት መኪናም እየተለመደ መጥቷል። አንዳንዱ ለጌጥ ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የድሮው ቸርኬ በኮረኮንች ተቀጥቅጦ ስለ ተጣመመበት ነው። ይህን አልቃወምም፤ ገንዘቡ የራሱ የሆነ ሰው መኪናውን ቢያስጌጥ ማን ከልካይ አለው? የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። አዲሱ ጎማ በታሰረ ማግሥት መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባለቤቱ ወደ ጎሚስታ ይሄዳል፤ ጎሚስታው ባላንስ ይሠራለታል፤ ይከፍላል፤ መንቀጥቀጡ ግን አይተወውም። ይመለሳል፤ እንደገና ባላንስ፣ እንደገና ክፍያ። በሦስተኛው «ጎማው የማይረባ ነው» ይባልና ነጋዴው ይረገማል፤ መኪናዋ የመንግሥት ከሆነች ደግሞ ጣት የሚቀሰረው በሾፌሩ ላይ ነው።

እኔ የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ለመስክ ሥራ የምንጠቀምባት አንዲት ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለችን። አራት አዲስ ቸርኬና ጎማ ተገዝቶ ታሰረላት። እስከ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ምንም አይሰማም፤ 80 ሲደርስ ግን መሪው የሾፌሩን እጅ እስኪያደነዝዝ ይንቀጠቀጣል፤ ከ100 ሲያልፍ መልሶ ቀለል ይላል። ሾፌራችን በዚህ መንገድ ላይ ከ20 ዓመት በላይ የነዱ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ሦስት ጊዜ ወደ ጎሚስታ ወሰዷት። ጎሚስታው ትሑት ወጣት ነው፤ በሦስተኛው ጊዜ «ጋሼ፣ ማሽኑ ዜሮ ነው የሚለው፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግልዎ?» አላቸው። በሳምንቱ «ስለ ተሽከርካሪ አያያዝዎ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጡ» የሚል ማስታወሻ ከአስተዳደር ደረሳቸው።

ወጣቱ አልዋሸም፤ ማሽኑም አልዋሸም፤ ሾፌሩም አልበደሉም። ታዲያ ጥፋቱ ከየት መጣ?

መልሱን ያገኙት ራሳቸው ሾፌሩ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው የአንዱን የፊት ጎማ ዳዶዎች ፈቱ፤ ጎማውን ግን አላወለቁትም። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉት ተንቀሳቀሰ። የፋብሪካው ቸርኬ እንዲህ አያደርግም። ብሎኖቹ የበቀሉበት ክብ ብረት፣ መካኒኮች ሞዞ የሚሉት፣ በመሀሉ ብቅ ያለ አንገት አለው፤ የፋብሪካው ቸርኬ የመሀል ቀዳዳ በዚያ አንገት ላይ እንደ ሙዳይ ክዳን ልክክ ብሎ ይገጥማል። የሃይሉክስ አንገት ስፋቱ 106 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በገበያ ያለው ቸርኬ ግን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሸጥ ታስቦ መሀሉ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ የእኛ ሲለካ 110 ሆኖ ተገኘ።

ሰውን የሚያሳስተው ስድስቱም የብሎን ቀዳዳዎች በትክክል መግጠማቸው ነው። ባለ 6 ብሎን ከሆኑት መኪናዎች በአያሌዎቹ ላይ በተቃራኒ ብሎኖች መካከል ያለው ርቀት አንድ ዓይነት ነው፤ 139.7 ሚሊ ሜትር። የመሀል አንገታቸው ግን ይለያያል፤ የሚትሱቢሺ ኤል 200 67 ያህል ሲሆን የኒሳን ፓትሮል 110 ያህል ነው። ስለዚህ ብሎኑ ስለ ገባ ብቻ ቸርኬው የዚያች መኪና ልክ ነው ማለት አይደለም። የከተማ ሠራተኛ የሚወዳቸው ትናንሽ መኪናዎችም ከዚህ አያመልጡም። የቪትዝና የብዙዎቹ የቆዩ ኮሮላዎች አንገት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከገበያ የሚገዛው ጌጠኛ ቸርኬ ግን ብዙ ጊዜ 67.1 ወይም 73.1 ሆኖ ይመጣል። ይህን ክፍተት የሚሞላ የፕላስቲክ ወይም የአሉሚኒየም ቀለበት አለ፤ ውጭው በቸርኬው ቀዳዳ ልክ፣ ውስጡ በመኪናዋ አንገት ልክ የተሠራ ነው። ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ ሻጩ ካልተጠየቀ አይሰጥም፤ ገዥውም መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም።

አሁን ማሽኑ ለምን ዜሮ እንዳለ ይገባናል። የባላንስ ማሽን ጎማውን የሚይዘው በመሀል ቀዳዳው በኩል ሾጣጣ ብረት አስገብቶ በማጥበቅ ነው። ስለዚህ በማሽኑ ላይ ጎማው ልክ በመሀሉ ይዞራል። በመኪናዋ ላይ ሲታሰር ግን ያ ሾጣጣ ብረት የለም፤ ከሥሩ የሚደግፈው አንገትም ስለ ራቀው ጎማው በራሱ ክብደት ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ይላል፤ ዳዶውም በዚያው እንዳለ ጠብቆ ያስቀረዋል።

ሒሳብ ለሚወድ አንባቢ ጥቂት ቁጥር ልጨምር። አንድ የሃይሉክስ ጎማ ከነቸርኬው 30 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከመሀሉ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ፈቀቅ ብሎ ቢታሰር፣ በ17 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ 140 ግራም ያህል እርሳስ ያለ ቦታው ከመለጠፍ ጋር እኩል ነው። ጎሚስታው የሚያርመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 30 ግራም ነው። ይህም ቢሆን ቀላል አይምሰላችሁ፤ መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ ጎማው በሴኮንድ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ያን ጊዜ 30 ግራም እርሳስ ጎማውን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል ሦስት ኪሎ ተኩል ግድም ይሆናል። በ50 ኪሎ ሜትር ግን የዚህ ሩብ ብቻ ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናልና።

በእኛ አገር ነገሩ ተሸፍኖ የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ደብረ ታቦር የአቀበትና የቁልቁለት ከተማ ናት። ጎሚስታው መኪናዋን ሲፈትናት በ30 ወይም በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአንድ ዳገት ወጥቶ በሌላው ይወርድና «ደኅና ናት» ብሎ ያስረክባል። ወደ ጉና ሲወጣም ጋሳይንና ክምር ድንጋይን ይዞ የሚሄድ ሰው በመጠምዘዣው ብዛት 80 የሚደርስበት ቦታ ጥቂት ነው። (ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል በመንኮራኩር ላይ አስጭነው፣ መንገዱን እያስጠረጉ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ 6 ወር ያህል አስጎትተውታል፤ የዚህ አገር ዳገትና መንኮራኩር የተዋወቁት ትናንት አይደለም።) መንቀጥቀጡ ራሱን የሚገልጠው 42 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደን ወረታ ስንደርስና ለጥ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ፣ ግራና ቀኙን ሩዝ እያየን፣ ሾፌሩ ፍጥነት ሲጨምር ነው። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት ማንኛውም መኪና አዲስ ጎማ ከታሰረላት በኋላ በሜዳ መንገድ ላይ፣ ሕግ በሚፈቅደው ፍጥነት፣ ጎሚስታው ወይም መካኒኩ ራሱ አብሮ ተሳፍሮ ሳይፈትናት ተረካቢው መፈረም የለበትም።

መንቀጥቀጡ ከ100 በላይ ሲቀልል «ተላመደች» የሚሉ ሰዎች አሉ። መኪና አትላመድም። መሪዋና የእግሯ አካላት አብረው የሚያስተጋቡበት የተወሰነ ፍጥነት ስላለ፣ ያ ሲታለፍ ስሜቱ ይቀንሳል እንጂ ጉተታው በፍጥነቱ ልክ እየጨመረ ቴስቲናውንና ኩሽኔታውን መብላቱን አላቆመም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ዳዶው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። የዳዶ መቀመጫ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሾጣጣ፣ ድቡልቡልና ጠፍጣፋ። ብዙዎቹ የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ከፋብሪካ የሚመጡት ጠፍጣፋ ቀለበት ባለው ዳዶ ሲሆን፣ ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ግን በአብዛኛው ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ነው። አዲሱን ቸርኬ በድሮው ዳዶ ማሰር እንግዲህ ጠፍጣፋውን በሾጣጣው ጉድጓድ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ የሚነካኩት በቀጭን ጠርዝ ብቻ ይሆናል፤ ጠርዙም እየተበላ ሲሄድ ዳዶው ይላላል። የመሀል ቀለበት ባይኖር እንኳ ትክክለኛው ሾጣጣ ዳዶ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ እያለ በየተቃራኒው በጥቂት በጥቂቱ ከጠበቀ ቸርኬውን ወደ መሀል ሊስበው ይችላል፤ ጠፍጣፋው ግን ፈጽሞ አይስበውም። በእኛዋ መኪና ላይ ከ24ቱ ዳዶዎች 5 በእጅ የሚዞሩ ሆነው ተገኝተዋል። ያችው መኪና ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት 5 ሠራተኞችን ይዛ ከነፋስ መውጫ ተመልሳለች። ጎማ ተፈትቶ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ካለው አስተሳሰር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት መሪውና ወለሉ በመንቀጥቀጥ ያስጠነቅቃሉ።

አጥባቂዎቹስ? አንዳንዱ በመፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክቶ፣ ያም አልበቃ ብሎት ቆሞበት ያጠብቃል። ይህ ብሎኑን ይስበዋል፤ የፍሬኑን ዲስክም ሊያጣምመው ይችላል፤ ኋላም ፍሬን ሲያዝ ሌላ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ለኮሮላ የታዘዘው ማጥበቂያ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህም በግማሽ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው፤ ጉልበተኛ አያስፈልገውም። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ በገበያ አለ፤ በቀን 20 ጎማ የሚፈታና የሚያስር ድርጅት ይህን አልገዛም ቢል ምን ይባላል? አዲስ ቸርኬ ደግሞ ከታሰረ በኋላ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ይረግባልና እንደገና መጥበቅ አለበት። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ባሕር ዳር እንደ ደረሱ መፍቻ አውጥቶ ዳዶዎቹን መዞር ነው።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ግን ከቸርኬው መሀል ነው አልልም። መሪው ብቻ ከተንቀጠቀጠ ነገሩ በአብዛኛው ከፊት ጎማዎች ነው፤ ወንበሩና ወለሉ ከሆነ ከኋላ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከመጣ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን ማየት ይገባል። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ መጥቶ እግር ሲነሣ የሚተው ከሆነ ኃይል ወደ ጎማ በሚያስተላልፈው ዘንግ ላይ ማተኮር ነው፤ በዚህ ጊዜ ጎማ ቢለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው። በደጋ ብርድ ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ተንቀጥቅጣ ብትተው ጎማው በቆመበት በኩል ተደፍጥጦ ማደሩ ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። በክረምት ከመስክ ስንመለስ ደግሞ የጉና ጭቃ በቸርኬው ውስጠኛ ወገን ተጋግሮ ይደርቃል፤ እፍኝ የማይሞላ ጓል ስንት ግራም እንደሚመዝን አንባቢው ራሱ ይገምት። ጎሚስታ ዘንድ ከመሄድ በፊት በውኃና በብሩሽ ውስጡን ማጠብ ሳንቲም አያስወጣም። ሞዞው ላይ ያለ ዝገትና አፈርም እንዲሁ ነው፤ ቸርኬው ቀጥ ብሎ እንዳይቀመጥ ያደርገዋልና በሽቦ ብሩሽ ሳይጠረግ አዲስ ቸርኬ ሊታሰርበት አይገባም።

«አላይመንት አሠራና ይተውሃል» የሚሉ መካሪዎችም አይታጡም። አላይመንት የተበላሸ መኪና ወደ አንድ ወገን ትስባለች፤ ጎማዋንም ባንድ ጠርዝ ትበላለች፤ በ80 ኪሎ ሜትር ላይ መሪ የሚያንቀጠቅጠው ግን በአብዛኛው እርሱ አይደለም።

ጎማው ራሱም መመርመር ይገባዋል። በጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ በኋላ በመጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ቢል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስለዚህ «አዲስ» የተባለው ጎማ በመጋዘን ስንት ዓመት እንደ ተኛ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ አያስፈልግም። በአንዳንድ ጎማ ላይ ቢጫ ነጥብ ይታያል፤ ቀላሉን ወገን የሚያመለክት ስለ ሆነ ከመንፊያው ቀዳዳ ትይዩ ሲደረግ የሚለጠፈው እርሳስ ያንሳል። ጎማው ወይም ቸርኬው ክብነቱን የሳተ መሆኑን ለማወቅም መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ፣ አንድ እንጨት በድንጋይ ላይ አስደግፎ ወደ ጎማው አስጠግቶ፣ ጎማውን በእጅ ማዞር ነው። ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ከታየ፣ እርሳስ ቢለጠፍበት ክብ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ግን በአንድ ነገር ሊያጥር ይችላል፤ የድሮውን ጎማና ቸርኬ መልሶ በማሰር። ባሮጌው ተነድታ መንቀጥቀጡ ከጠፋ፣ ነገሩ ከአዲሱ ጎማ፣ ከአዲሱ ቸርኬ ወይም ከአስተሳሰሩ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ካልጠፋም መኪናዋ ቀድሞውንም ሕመም ነበረባት። ሾፌራችን ይህን ማድረግ አልቻሉም። አዲሱ በገባ ዕለት አሮጌው «ከአገልግሎት ውጭ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። የግል ባለ መኪናም አሮጌውን በዚያው ሱቅ አስረክቦ ዋጋ ስለሚያስቀንስበት፣ የሚያስተያይበት ነገር አጥቶ ይቀራል።

ወደ ግዥው ልመለስና ላብቃ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነገርን በወረቀት እንወዳለን፤ ነገር ግን በወረቀታችን ላይ የሚጻፈው «ቸርኬ፣ 17 ኢንች፣ ባለ 6 ቀዳዳ፣ ብዛት 4» ከሚለው አያልፍም። በዚህ ጽሑፍ መሠረት ያነሰ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ያሸንፋል፤ ያቀረበውም የተጻፈውን ነውና አይወቀስም። የመሀሉ ቀዳዳ ስፋት፣ የዳዶው መቀመጫ ዓይነት፣ የመሀሉ ቀለበት አብሮ መቅረብ፣ ቸርኬውና ጎማው የሚሸከሙት ክብደት፣ የተሠሩበት ጊዜ ቢጨመር አምስት መስመር አይሞላም። ስለ ሸክሙ ለምሳሌ ያህል፣ በጎማው ጎን ላይ 112 የሚል ቁጥር 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ሲሆን 91 የሚለው ግን 615 ኪሎ ብቻ ነው፤ ለፒክአፕ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያይ በስፋቱ ብቻ መግዛቱ ያስገርማል። ይህን መስፈርት ሲጽፉ ሾፌሩን ጠርቶ መጠየቅም የሚያሳፍር አይደለም፤ ከኮሚቴው አባላት ሁሉ ይልቅ ያችን መኪና የሚያውቃት እርሱ ነው።

የእኛዋ ሃይሉክስ አራት ቀለበትና 24 ሾጣጣ ዳዶ ተገዝቶላት፣ ጎማዎቿ ከመሬት ተነሥተው እያሉ እንደገና ታሰሩ። በፎገራ ሜዳ ላይ በ80ም በ90ም ተነዳች፤ መሪው ጸጥ ብሏል። ለሾፌሩ የተጻፈው ማስታወሻ ግን እስከ ዛሬ ከግል ፋይላቸው አልወጣም። የእኔ መሥሪያ ቤት ብቻ እንዳይመስለኝ ይህን መሰል ማስታወሻ የጻፉ ሌሎችም ካሉ፣ መጀመሪያ ዳዶውን አስፈትተው ቸርኬውን በእጅ አስነቅንቀው እንዲያዩ፣ አሮጌውንም ቸርኬ አዲሱ 500 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እስኪፈተን ድረስ ከመጋዘን እንዳያስወጡ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከደብረ ታቦር